ከመላጩ ጋር ቁራኛ

ከተማችን ዝንብ ውሃ ስሟ ተለውጦ «አረንጓዴ ዕንቁ» ከተባለች ወዲህ ዝንቡም ሙቀቱም አልቀነሰም። ሰው ከየት ነሽ ሲለኝ ከዝንብ ውሃ ነው የምለው። የከተማው መግቢያ በር ግን እንዲህ የሚባል ቦታ አላውቅም እያለ ፀሐይ ላይ ስለሚያቆመኝ፣ ለበሩ ብቻ ከዕንቁ ነኝ እለዋለሁ። ከበር ጋር ምን ያጨቃጭቀኛል።

ማራማዊት እባላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ግትር ነች ይለኛል፤ አልተሳሳተም።

እኛ ዘንድ ረፋድ ላይ የግባ ደወል ይደወላል። ከዚያ በኋላ ደጅ በተገኘ ሰው ላይ ከተማውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነጥብ ይቀንሳል። ነጥቡ ሲያንስ በቧንቧ የሚመጣለት ቀዝቃዛ አየር ይቀጥናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የውጣ ደወል ይደወልና ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ይፈስሳል። በሁለቱ ደወሎች መካከል መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ መላጭ የምንለው ማሽን ብቻ ነው። እኔ ቧንቧ አላስገባሁም። ያላስገባሁት ሀብታም ወይም ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ አጥር ስላለኝ ነው።

አጥሬ አጋም ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ኮሽም አለበት። የአጋም ዘር ቂመኛ ነው፤ ከደረቀ አይበቅልም። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል በልቶ፣ ዘሩን አጥቦ፣ ወዲያው አፈር ማልበስ ነው። በየጣሳው ዘርቼ አግዳሚ ወንበር ሥር አሳደግኋቸው። ቁመታቸው ስንዝር ሲያልፍ በክረምት መግቢያ ወደ ደጅ አወጣኋቸው፤ እግራቸው ሥር የማሽላ አገዳ አነጠፍኩላቸው፤ ምስርና ሩዝ ያጠብኩበትን እጣቢ አጠጣኋቸው። ኮሽም ወንድና ሴት አለው። አንድ ዓመት ወንዱን ፍሬ የማይሰጥ ሰነፍ ነው ብዬ ቆርጬው ሴቶቹ በሙሉ መካን ሆነውብኝ፣ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ስለምነው ከረምኩ። ቀጋም አለችኝ። ቀጋ የደጋ ሰው ናት፤ ከቤቱ በስተምሥራቅ ግድግዳው ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚነካት ቦታ ተከልኳት። በዓመት እፍኝ ብትሰጠኝ ነው፤ አልቀየማትም።

ይህ ሁሉ አድጎ ከጣራዬ በላይ ሲሆን፣ ነፋሱ በእሱ ውስጥ እየተጣራ ሲገባ ቤቴ ሰው የሚኖርበት ሆነ። አጥሩ ከተነሳ ግን ምርጫ የለኝም፤ ቧንቧ ማስገባት ነው፣ ከዚያም እንደ ሰፈሩ ሰው ነጥቤን እየጠበቅሁ በደወል መግባትና በደወል መውጣት። ሌላ ልትከል ብልም ያን ያህል ዓመት ከየት ይመጣል።

መላጩ ወደ እኔ የመጣው አጋሙ መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ ጠዋት ነው። የወጣለት ስም ሌላ ነው፤ አጥር እየላጨ ስለሚያልፍ ሰዉ መላጩ ይለዋል። ከአህያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አራት እግር፣ አንድ ረዥም ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ምላጭ አለው። አንገቱ ዙሪያ ጥለት ተስሎበታል። አቅራቢው ድርጅት ሲያስተዋውቀው «ባህልዎን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ» ይለዋል።

እውነትም ያውቃል። ደጄ ላይ ቆሞ እንዴት አደሩ አለኝ፤ ደህና አልኩት። ቤተሰቡ ደህና? ደህና። ከብቱ ደህና? ከብት የለኝም። አዝመራው? እሱም የለኝም። ቀዬው ደህና? ሰላምታው እስኪያልቅ እጣቢ የያዝኩበት እጄ ዛለ። ሲጨርስ አጥርዎ ከሀገር በቀል ቁጥቋጦ መስፈርት ውጭ ስለሆነ ይላጫል፣ በምትኩም ሀገር በቀል ቁጥቋጦ ይተከልልዎታል አለኝ።

«አጋም እኮ ነው» አልኩት።

«አጋም ሀገር በቀል ነው፣ እናትዬ። ይህ ግን መስፈርቱን አይመስልም።»

መስፈርቱን ማዶ ኤፍራታ ደጅ ላይ አየዋለሁ። ኤፍራታ ጎረቤቴ ናት፤ አጥሯ ዓምና ተላጭቶ ሀገር በቀሉ ተተክሎላታል። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር ነው የመጣው። ከጉልበት አያልፍም፣ ድቡልቡል ነው፣ እሾህ የለውም፣ ዝንብ እንዳይሰበስብ ፍሬም አያፈራም። ጥላው አንዲት ዶሮ ተኮራምታ የምታርፍበት ያህል ነው።

መላጩ ክንዱን ዘርግቶ ዳር ላይ ወዳለው ወደ ወንዱ ኮሽም ተጠጋ። እኔም ሰው ሲጨንቀው እንደሚለው በሕግ አምላክ አልኩ። ምን እንደማመጣ አስቤ አይደለም። ሌባ ላይም፣ የሰፈር ጠብ ላይም የሚባል ነገር ነው፤ ብሎ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።

መላጩ ግን ቆመ። ምላጩን አጠፈ። ድምፁ ተለወጠና እንደ ሽማግሌ ጎርነን ብሎ፣ በሕግ አምላክ ተብያለሁና ቆሜአለሁ አለ። ቀጥሎ የነጠላዬን ጫፍ ከክንዱ ጋር እንድቋጥረው ጠየቀኝ።

ለምን ስለው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በቁራኛ መተሳሰራቸው የአገሩ ወግ ነው፣ አያውቁትም እንዴ አለኝ። አላውቀውም ነበር። ቁራኛ ስል የኖርኩት ከሰው የማይላቀቅ በሽታን ነው። አፍሬ ቋጠርኩት። ዳኛውስ ማነው አልኩ። በመንገድ የሚያልፍ፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ይዳኛል አለ።

ይኸው ነው ችግሩ። ከአጥሬ ፊት ያለው መንገድ የሰፈሩ መተላለፊያ ነበር። የዚያን ዕለት የውጣ ደወል ሲደወል ሰዉ ብቅ ይላል፣ እኔንና መላጩን በነጠላ ተሳስረን ያያል፣ መላጩ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ወንድሜ፣ ዳኙን» ይላል፣ ሰውየው የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል። በማግስቱ ማለፍ የሚችል ሁሉ በጀርባ በኩል መዞር ጀመረ። ነጥቡን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ነው፤ በፕሮግራሙ ላይ ማን ይፈርዳል።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ነጠላዬ ረዥም መሆኑ በጀኝ፤ ሽንት ቤት ስገባ በሩ ሥር አሹልኬው እሱ ውጭ ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ገበያ ስሄድ ይከተለኛል፤ ሻጮቹ ሲያዩት ሚዛናቸው ይስተካከላል። የዕድራችን አባል ሞቶ ለቅሶ ስሄድም አብሮኝ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን የማይነካ እሱ ብቻ ነበር። ለሟች ልጆች እግዜር ያጥናችሁ ሲል ልጆቹ ገና ያኔ ድንገት አለቀሱ። የዕድሩ ዳኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ይሄ ሰውዬ በአባልነት ይመዝገብ ወይ አሉኝ። ተከሳሽ ነው አልኳቸው።

በመጨረሻ የፈረደልን ጋሽ ሶፎንያስ ነው። ጉድጓድ ይጠርጋል፤ ቱቦና ባልዲ የጫነው ጋሪው በጀርባ መንገድ ስለማያልፍ በእኛ በኩል ከመምጣት በቀር መላ አልነበረውም። መላጩ ዳኙን ሲለው ጋሪውን አቁሞ ተሳደበ፤ ማንን እንደተሳደበ ግልጽ አልነበረም። ከዚያ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።

እኔ የምለውን አልኩ። መላጩም የመስፈርቱን ነገር ተናገረ። ጋሽ ሶፎንያስ አገጩን እያከከ ጠየቀው።

«ቁጥቋጦው ምን አደረገህ?»

«ምንም።»

«ማን ላከህ?»

«ፕሮግራሙ።»

«የማን ልጅ ነው ፕሮግራሙ?»

መላጩ አላውቅም አለ።

ጋሽ ሶፎንያስ እንግዲያው ሁለታችሁም ዋስ ጥሩ፣ ዋስ ያለው ተፈትቶ ቤቱ ይገባል፣ ዋስ የሌለው ከቁራኛው አይፈታም ብሎ ፈረደ። እኔ ወደ ማዶ ዞር አልኩ። ኤፍራታ በመስኮቷ ስታይ ነበር፤ ስጠራት መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ግን በአደባባይ ዋስ ሁኚኝ የተባለ ጎረቤት እንዴት እምቢ ይላል፤ እግሯን እየጎተተች መጥታ ዋስ ነኝ አለች፤ ወዲያው የተቆጨች ይመስለኛል። መላጩ ግን የሚጠራው ሰው አልነበረውም። እኔ ነጻ ወጣሁ፤ እሱ ታሰረ። የታሰረው ደግሞ ከእኔ ጋር ነው። ጋሽ ሶፎንያስ ይህን ሲያስበው ትንሽ ግራ ገባው፤ ሆኖም ጉድጓድ የሚጠብቀው ሰው ነበርና ጋሪውን ገፍቶ ሄደ።

ድርጅቱ ተወካይ ላከ። አቶ ናሆሊ ይባላል፤ ውስጡ ማራገቢያ ያለው ኮት የለበሰ፣ ሲናገር ልብሱ የሚነፋፋ ወጣት ነው። ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሲሰነዝር መላጩ በትሕትና ከለከለው፤ ያለ ዋስ ቁራኛ መፍታት ነውር ነው አለው። አቶ ናሆሊም ችግር የለም፣ ዋስ እኛ ነን አለ። መላጩ እኛ የሚባል ሰው የለም፣ ስምዎን ጠርተው እኔ ዋስ ነኝ ይበሉ አለው።

አቶ ናሆሊ የኮቱን ማራገቢያ አጠፋ። እኔ ተወካይ ነኝ አለ። ለሚወክለው ሰው ደወለ፤ እሱም ተወካይ ነው። እሱ የሚወክለው ሌላ ተወካይ ነው። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ሽንኩርት ልጬ ጨረስኩ። ከላይ ያለው የመጨረሻው ድምፅ ሲነሳ ግን አነጋገሩን አወቅሁት። እንዴት ዋሉ አለ። ቤተሰቡ ደህና? ከብቱ ደህና?

አቶ ናሆሊ ስልኩን ዘጋና አጋም ቅመስ ስለው ቀመሰ። ሌላ መላጭ ለምን አይልኩም ብዬ ጠየቅሁት፤ ሁሉም ያው ናቸው፣ በሕግ አምላክ ሲባሉ ይቆማሉ አለኝ። ወጉን ከውስጣቸው ማውጣትስ አልኩት፤ ያንን ለማዘዝ ኃላፊ ያስፈልጋል አለ፣ ከንፈሩ በአጋሙ ወተት ተጣብቆ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደዚህ ነው። መላጩ ሥራው ላይ ስላልተገኘ የሰፈራችን ነጥብ ባለበት ቆመ። ነጥብ በየዕለቱ ስላልታከለበት አየሩ ቀጠነ። በግባና በውጣ ደወል መካከል ሰዉ ቤቱ ውስጥ እንደ ዳቦ ይጋገር ጀመር። እኔ ከአጥሬ ሥር ነፋስ እየተቀበልኩ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ሁሉም ያያል። መጀመሪያ በርቺ የሚሉኝ ሰዎች ሰላምታቸው አጠረ። ኤፍራታ አንድ ማታ ፊቷ በሙቀት ሽፍ ብሎ መጣች። መላጩን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው።

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይሉ ነበር። ያቺ ቁልቋል እኔ ነኝ፣ ማራ» አለች። «እናቴ ትናንት ራሷን ስታ ወደቀች። ዋስ የሆንኩሽ ለዚህ ነው?»

እናቷን አውቃቸዋለሁ፤ ጣሳዎቹን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አጋሙን አስቆርጬ ነጥቡን ላስለቅቅ ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። ጥላዬ ለእኔ፣ ሙቀቱ ለሌላው ከሆነ ምን ዓይነት ጥላ ነው። ደግሞ ሲነጋ የጠቆረውን ፍሬ ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ። እንዲህ ስወላውል መላጩ ራሱ ተናገረ። ድምፁ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ነበር።

«እናትዬ፣ ዋስ ይሁኑኝ።»

«እኔ? ከሳሽህ አይደለሁም እንዴ?»

«ከእርስዎ በቀር የምጠራው ሰው የለኝም።»

አንዲት ነገር ጠየቅሁት፤ ዋስ ከሆንኩህ አጥሬን ትነካለህ ወይ አልኩት። የዋስን ደጅ መንካት ነውር ነው አለኝ።

ጋሽ ሶፎንያስን በጋሪው ሲያልፍ አስቆምኩት። ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም አለ፤ መላጩን በወጉ ክልክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ መላጩም ክልክል የሚል አላገኘሁም አለ። ጋሽ ሶፎንያስ እንግዲያው ጨርሱና አሳልፉኝ አለ። ስሜን ጠርቼ ዋስ ነኝ አልኩ። ነጠላዬን ፈታሁ፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮው እንደ ቋንጣ ደርቆ ነበር። መላጩ እጅ ነስቶ ሄደ። ወዲያው የሰፈሩ ቧንቧዎች ሲተነፍሱ ተሰማ፤ ማዶ መስኮቷ ላይ የኤፍራታ መጋረጃ ተነፋ። አጥሬም ቆሞ ቀረ። በሕይወቴ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ጠዋት በሬን ስከፍት ሰው ተሰልፏል።

መጀመሪያ የሞተ ሰው ቤቴ ያለ መሰለኝ። ፊተኛውን ጠየቅሁት። ከሌላ ሰፈር ነው የመጣው፤ ቧንቧው የሚያመጣለት ሙቅ አየር ነው፣ አቤት ሲል የከተማው ድምፅ ኃላፊዋ ማራማዊት ናት፣ ቤቷ አጋም አጥር ያለው ነው ብሎ ወደ እኔ ላከው። ከኋላው ያለችው ሴትዮ በሯ አላውቅሽም ብሎ ልጆቿን ውስጥ አድርጎ ተዘግቶባታል። ሌላው የጎረቤቱ አጥር ተብሎ የእሱ ጢም የተላጨ ነው። ለካ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሙን ጠርቶ ዋስ ወይም ኃላፊ ነኝ ያለ ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም። ከላይ እስከ ታች ሲፈልጉ የተገኘሁት እኔ ነኝ። አቶ ናሆሊም ከሰልፉ መሀል ቆሟል። የዓመት እረፍት ሊያስፈቅደኝ ነው።

መላጩ ተመልሶ መጥቶ ሰልፉን ያስከብራል። ለእያንዳንዱ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣ ዋሴ ምን ይላሉ ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም አዳመጥኩ፤ ልጆቿ የተዘጋባቸውን ሴትዮ በሯን ክፈቱ አልኩ፣ ተከፈተ። አቶ ናሆሊን ሂድ እረፍ አልኩት። ጥሩ ነገር ይመስላል። ግን ሰዉ አያልቅም። አንዱን ስፈቅድለት ሌላው ለሱ ፈቅደሽ ለኔስ ይላል። ያልገባኝን ገብቶኛል አልኩ፤ ቀጥሎም ገብቶኝ አልገባኝም አልኩ። አጋሙ ጠቁሮ ወፍ እየለቀመው ነው፤ የምለቅምበት ጊዜ የለኝም። በሩን አጥብቤ እሾሁን በሰው ቁመት ልክ አሳደግሁበት፤ ሰዉ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ ሆነን በቅጠሉ መሀል እንነጋገራለን። እንዲህ ይሻላል። ፊታቸው በደንብ አይታይም። እሑድ ሰው አላስተናግድም።

ኤፍራታ ቅዳሜ ዕለት ተሰልፋ መጣች። ሰልፍ ሳትይዝ ብትጠራኝ እወጣላት ነበር፤ አልጠራችኝም፣ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ በቅጠሉ መሀል እናቷ እንደተሻላቸው ነገረችኝ። ሀገር በቀሉ ቁጥቋጦ በሙሉ ደርቋል። በቦታው አጋም መትከል ትፈልጋለች፤ ካንቺው የበሰለ ፍሬ ወስጄ በእናቴ ጣሳ ልዝራ፣ መላጩ እንዳይነቅለው ብቻ ቃልሽን ስጪልኝ አለች። ዘሩ እንደሚደርቅ፣ ከደረቀ እንደማይበቅል ታውቃለች፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

መላጩ ዞረና፣ ዋሴ ምን ይላሉ አለኝ።

ፈቅጃለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አየሁት። ለእሷ አጋም ብፈቅድ እስከ ማታ ሁሉም አጋም ነው የሚለኝ፤ ለምን ለሷ ይሉኛል፤ መስፈርቱን ማን ይቀይራል፤ ደግሞ የግባ ደወል ሊደወል ነው፣ ወገቤንም አሞኛል።

«ነገ ተመለሺ» አልኳት።

ነገ እሑድ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።